ለእባብ የተቀመጡ አይጦች መብራት ጠፍቶ ለሰለሱ፤ ፍሪዘር ይመለሱ?

80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቡናማ የቤት እባብ አለኝ፤ በየ10 ቀኑ አንድ አይጥ ይበላል። አይጦቹ እያንዳንዳቸው በየፌስታላቸው፣ ከሰው ምግብ ተለይተው ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ማታ አንዱን ወደ ፍሪጅ አወርዳለሁ፤ ጠዋት ከነፌስታሉ 40 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ነክሬ እሰጠዋለሁ። ማይክሮዌቭ አይሞከርም፤ ዳሩ ይበስላል፣ መሀሉ በረዶ እንደሆነ ይቀራል፣ ሆዱም ሊፈነዳ ይችላል።

ትናንት ኮምቦልቻ እኛ ሰፈር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 መብራት አልነበረም። ፍሪዘሩ ግማሹ ባዶ ነው፤ ያም ሆኖ ባይከፈት ኖሮ ይይዝ ነበር፣ ግን ቤት ያለ ሰው ውሃ ለማውጣት ሁለት ሦስቴ ከፍቶታል። ከታች ያሉት 7 አይጦች አሁንም ድንጋይ ናቸው። ከላይ የነበሩት 5ቱ ቆዳቸው ለስልሷል፤ ሆዳቸውን በጣት ስጫን ግን ውስጡ የበረዶ ጓል ይሰማል። አልሸተቱም፣ ሆዳቸው አልተነፋም፣ ቀለሙም አልተለወጠም። ፍሪዘሩ ውስጥ ቴርሞሜትር አልነበረም።

ለጊዜው ፍሪጅ አውርጃቸዋለሁ። እባቡ የሚበላው ገና ከ6 ቀን በኋላ ስለሆነ እዚያ ማቆየት አይቻልም፤ አይጥ መበላሸት የሚጀምረው ከሆዱ ነው፣ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም በቅዝቃዜ አይሞትም። 5ቱን መልሼ ፍሪዘር ላስገባቸው ወይስ ልጣላቸው?