አዳማ ውስጥ ማድ ቤት ስናድስ የእንጀራ ምጣዱ የት ይቀመጥ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው አዳማ ሲሆን ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ውስጥ የተሠራ ነው። እናቴ ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ሊጥና ድስት ይዘው በግቢው መመላለሳቸው እንዲቀር ብለን፣ በዋናው ቤት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን 2.5 በ3.2 ሜትር ክፍል ማድ ቤት ልናደርገው አስበናል። ክፍሉ ያለው አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ነው። አናጺው በሁለት ግድግዳ ከላይም ከታችም የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ካቢኔት ሠርቶ ምጣዱን ከታችኛው ካቢኔት ላይ ሊያስቀምጠው ሐሳብ አቀረበ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግሩት እናቴ ግን «እዚያ ላይ ተንጠራርቼ አልጋግርም» ብለዋል። ገንዘባችን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማሠራት አይበቃም። ከምን እንጀምር? ምጣዱስ ይግባ ወይስ ጓሮ ይቅር?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ለአናጺው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የመብራቱን መስመር ያስመርምሩ። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ባለ 3.5 ኪሎዋቱ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ 2 ኪሎዋት የሆነ ምድጃ አብሮት ቢሠራ ሌላ 9 አምፔር ይጨመራል። ለዕቃ ማስቀመጫ ክፍል የተዘረጋ ሽቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአምፖልና ለአንድ ሶኬት ብቻ የታሰበ ስለሆነ ይህን ሁሉ ሲሸከም ይግላል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ስለዚህ ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ከመሬት ሽቦ ጋር ይዘርጋለት፤ የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከርም ይኑረው። ይህ ከሴራሚኩ በፊት ይሠራ፤ የተለጠፈ ሴራሚክ ነቅሎ ግድግዳ መቦርቦር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አንዲት የአዳማ ነዋሪ፦
እናትዎ እውነታቸውን ነው። ካቢኔቱ 90 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለውና የምጣዱ ቁመት ከተጨመረበት፣ ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞሩ ለማፍሰስ ክንድ በጣም ከፍ ብሎ ሊነሣ ነው፤ አክንባሎው ሲከፈትም እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል። እኛ 60 ሴንቲሜትር የሆነ የብሎኬት መደብ አሠርተን ምጣዱን እዚያ ላይ አኖርነው፤ የሊጡ ባልዲና ማሰሻው የሚቀመጡበት ቦታም ከጎኑ ተውን። የተሳሳትኩት ከምጣዱ በላይ ካቢኔት ማሰቀሌ ነው። ኤምዲኤፉ እንፋሎቱን እየጠጣ ከሥሩ አብጦ ዓመት ሳይሞላው በሩ አልዘጋ አለ። ከምጣድ በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን።

መስኮቱንም ያስቡበት። ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አዳማ አጠገብ የተተከሉት ከተማችን ነፋሻ ስለሆነች ነው፤ ነፋሱ በመስኮቱ ከገባና ወዲያ ማዶ መውጫ ካላገኘ ጢሱን ወደ ሳሎን ይገፋዋል፣ አቧራውንም ሊጡ ላይ ያራግፈዋል። በተቃራኒው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር አንድ የአየር መውጫ ያስከፍቱ። የከሰል ምድጃ ግን፣ እባክዎ፣ ጓሮ ይቅር፤ ጭሱ ባይታይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፦
በምጣዱ ጉዳይ አልስማማም፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ምጣዱ ለበሩ ቅርብ በሆነ በረንዳ፣ በጣሪያ ሥር ቢቀመጥ ይሻላል እላለሁ። የተረፈውን ገንዘብ ለውሃው ያውሉት። የዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ ቱቦ 50 ሚሊሜትር ስፋት ይኑረው፣ በየሜትሩም 2 ሴንቲሜትር ያህል ያዘቅዝቅ። ካቢኔቱም ወለሉ ሲታጠብ ውሃ እንዳይነካው በ10 ሴንቲሜትር እግር ላይ ይቁም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ባለሙያ ጠርቼ መስመሩን አስመረመርኩ፤ ሽቦው በእርግጥ ቀጭን ስለሆነ በእርሱ እንጀምራለን። የላይኛውን ካቢኔት ለጊዜው ትተነዋል። እናቴ በረንዳውን አልወደዱትም፤ ምጣዱ ከመስኮቱ አጠገብ እንዲሆን ስለ ፈለጉ የመደቡን ከፍታ እርሳቸውን አቁመን ለካን፤ 55 ሴንቲሜትር ሆነ።