ከፓሪስ ወጣ ብሎ ገጠር፦ ዶርዶኝ፣ ኦብቴር፣ ሮካማዱር (ከእናትና ከልጆች ጋር)

ጠያቂዋ፣ ከፓሪስ ዳርቻ
ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እዚ አገር ከመጣን ቆይተናል ግን ከፓሪስ ውጪ ያለውን ፈረንሳይ አናውቀውም ማለት ይቻላል፣ ከሥራ ቤት ከቤት ሥራ ነው። ዘንድሮ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን እየመጣች ነው፣ ኦገስት ላይ ባለቤቴም ኮንጄ (የሥራ እረፍት) ስላለው ልጆቹን ይዘን ወደ ገጠሩ ወጣ ብለን ታሪካዊ ቦታ፣ ወንዝ፣ ገደል ምናምን ብናይ ብለን አስበናል። ልጆቹ አስርና ሰባት ዓመታቸው ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል ብዙ ደረጃ አትችልም፣ ፍልሰታ ስለሆነ ደሞ ትጾማለች። አንዱ የሎዋር ቤተ መንግሥቶችን እዩ ይለኛል ሌላው ፕሮቫንስ ይለኛል፣ ግራ ገባኝ። መኪና አለን፣ በጀታችን ግን ጠበብ ያለ ነው። የት ብንሄድ ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ፣ ከቦርዶ
እህቴ እንኳን እናትሽን ለማየት አበቃሽ። እኔ የምኖረው ቦርዶ ነው፣ ስለዚ ለደቡብ ምዕራቡ አዳላለሁ፣ ግን ከናትሽ ጋር ከሆነ ምትመጪው እውነት ለመናገር ከዚ የተሻለ ቦታ የለም ባይ ነኝ። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፣ አገሩን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለማየት አትሩጡ። አንድ ሸለቆ ምረጡ፣ እዛ ጂት ሚባለውን የገጠር ኪራይ ቤት ተከራዩ፣ ጠዋት ጠዋት እየወጣችሁ ማታ እየተመለሳችሁ በደንብ እዩት። እኔ ብሆን ምመርጠው የቬዜር ወንዝና የዶርዶኝ ወንዝ አካባቢን ነው፣ ሳርላ ከተማ ወይም ሌዜዚ አጠገብ ብታርፉ ሁሉም ነገር በመኪና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ላስኮ። ሞንቲኛክ ሚባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው፣ በ1940 ሴፕቴምበር ላይ አራት ልጆች ናቸው ያገኙት፣ ውስጡ በሬው፣ ፈረሱ፣ አጋዘኑ ከ17 ሺ ዓመት በላይ ግድግዳው ላይ ተስሎ የቆየ። በ1948 ለሕዝብ ተከፈተና ሰው ጎረፈ፣ ከዛ የጎብኚው ትንፋሽና እርጥበት ግድግዳውን ማበላሸት ጀመረ፣ አረንጓዴ አልጌ ወጣበት፣ በ1963 ዘጉት። አሁን ምታዩት በ2016 መጨረሻ የተከፈተውን ላስኮ አራት ሚባለውን ቅጂ ነው። ብዙ ሰው ቅጂ ነው ብሎ ያጣጥለዋል፣ እኔ አልስማማም፣ እያንዳንዱን የድንጋይ እብጠትና ስንጥቅ ሳይቀር ነው የሠሩት፣ ደሞ ዋናውን መዝጋታቸው ትክክል ነበር፣ ቅርስ ሚጠብቅ አገር እንደዚ ነው ሚያደርገው። ለናትሽም ምቹ ነው፣ በዊልቸር ሁሉ ይገባል።

ግን ልጆቹ አንድ እውነተኛ ዋሻ ማየት አለባቸው። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ ፎን ደ ጎም ነው ሌዜዚ ጥግ፣ በቀለም የተሳሉ ጎሾች ያሉበት፣ ሰው በትንሽ በትንሹ ነው ሚያስገቡት ስለዚ ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ ከዛም ዳገት ስላለው ለናትሽ አይሆንም። ሁለተኛው ሩፊኛክ ነው፣ እሱ ውስጡ በትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው ሚያስኬዱሽ፣ እናትሽ ቁጭ ብላ ነው ምታየው፣ ከመቶ በላይ ማሞት ተስሎበታል፣ ማሞት ያው ጸጉራሙ የጥንት ዝሆን ማለት ነው፣ ልጆቹ ያብዳሉ። ዋሻ ውስጥ በበጋም 13 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለናትሽ ጋቢ፣ ለልጆቹ ሹራብ ያዢ።

ከዛ ወደ ዶርዶኝ ወንዝ ውረዱ። ቤናክና ካስቴልኖ ሚባሉ ሁለት ቤተ መንግሥቶች አሉ፣ ወንዙን መሃል አድርገው ከገደል ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ከ1337 እስከ 1453 በተዋጉበት የመቶ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ ቤናክ የፈረንሳይ፣ ካስቴልኖ ደሞ በአብዛኛው በእንግሊዝ ወገን ነበር፣ ጠላቶች በየቀኑ እየተያዩ ነው የኖሩት። ካስቴልኖ አሁን የመካከለኛው ዘመን ጦር መሣሪያ ሙዚየም ነው፣ ድንጋይ ሚወነጭፉት ትልልቆቹ የእንጨት መሣሪያዎች ግቢው ላይ ቆመዋል፣ በበጋ እንዴት እንደሚሠሩም ያሳያሉ። ከሱ ቅርብ ላ ሮክ ጋጃክ አለ፣ ገደል ሥር የተለጠፈ መንደር ነው፣ ከዛ ጋባር ሚባል ጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ትይዛላችሁ፣ እናትሽም ልጆቹም አብረው ይሄዳሉ። ካኖ ሚያከራዩም አሉ ግን ልጆቹ ዋና ካልቻሉ ይቅር።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። በመምጫችሁ ወይም በመመለሻችሁ በግድ ኦብቴር ሱር ድሮን ሂዱ። ከሳርላ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው በመኪና፣ ሻራንት ሚባል አውራጃ ውስጥ። እዛ ከአንድ አለት የተፈለፈለ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከውጪ ምንም አይታይም፣ ተራ የገደል ግድግዳ ነው፣ ውስጥ ስትገቢ ግን ከፍታው ሃያ ሜትር ሚጠጋ አዳራሽ፣ ምሶሶዎቹ ሁሉ ያው አለት ናቸው፣ ወለሉ ላይ በድንጋዩ ውስጥ የተቆፈሩ ብዙ መቃብሮች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው አሁን ያለውን መልክ የያዘው፣ ማለትም ከኛ ላሊበላ ጋር ጊዜው ይቀራረባል። ውስጡ ደሞ ከአለቱ የተቀረጸ፣ ኢየሩሳሌም ያለውን የጌታን መቃብር አምሳያ አድርገው የሠሩት ነገር አለ፣ ከመስቀል ጦርነት የተመለሰ የአካባቢው ጌታ ነው ያሠራው ይላሉ። እዚም እዛም ሰዎች ኢየሩሳሌምን ናፍቀው አለት ፈለፈሉ፣ እኔ ይሄን ሳስብ ሰውነቴን ይወረኛል። ልዩነቱ ከኛዎቹ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ያሉት ዙሪያቸውን ከአለቱ ተለይተው የቆሙ ናቸው፣ ውጪያቸውም ተቀርጿል፣ የኦብቴር ግን ውስጡ ብቻ ነው። ደሞ ላሊበላ እስካሁን ይቀደስበታል፣ ይሄኛው ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ብዙ ነገር ሆኗል፣ እስከ 1865 ድረስ የከተማው መቃብር ነበር። እናትሽን ይዘሽ ግቢ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ሳንቴሚሊዮንም ተመሳሳይ የአለት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ርዝመቱ 38 ሜትር፣ ከላዩ ትልቅ የደወል ማማ ተሸክሟል፣ በአስጎብኚ ብቻ ነው ሚገባው። ከቦርዶ በባቡር አርባ ደቂቃ አካባቢ ነው፣ መኪና ለሌላችሁ እሱ ይቀላል። ግን እዛ የወይን ጠጅ ቱሪስት ይበዛል፣ እኔ ኦብቴር ይበልጥብኛል።

መልስ፣ ከሊዮን
ወንድሜ ቦርዶ ጥሩ ነው ያልከው ግን ኦገስት ላይ ዶርዶኝ ሰው በሰው ነው፣ ሳርላ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ነው፣ ሙቀቱም። እኔ ምመክረው ወደ ኦቬርኝ ነው፣ መሃል ፈረንሳይ ያለው ተራራማ አገር። ፑይ ደ ዶም ሚባለው የጠፋ እሳተ ገሞራ 1465 ሜትር ነው፣ ጫፉ ድረስ ባቡር አለ ስለዚ ለማዘር አይከብድም፣ ከላይ ሆነሽ በተርታ የተደረደሩትን እሳተ ገሞራዎች ታያለሽ፣ በ2018 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ከዛ ለ ፑይ አን ቨሌ፣ እዛ ቀጥ ብሎ የቆመ የእሳተ ገሞራ አለት ጫፍ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት አለ፣ 10ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ፣ መውጫው 268 ደረጃ ነው፣ ማዘር ከታች ትቀመጥ፣ ከታችም ያምራል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ደብረ ዳሞን ነው ያስታወሰኝ። ለጾም ደሞ የለ ፑይ አረንጓዴ ምስር በመላው ፈረንሳይ የታወቀ ነው፣ ከ1996 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ፣ ገበያ ላይ ገዝታችሁ ወጥ ሥሩ፣ ሳይፈርስ ነው ሚበስለው።

መልስ፣ ከቱሉዝ
ስለ ጾሙ እኔም ልጨምር። በፔሪጎር (የዶርዶኝ አካባቢ የድሮ ስሙ ነው) ሬስቶራንቱ ሁሉ ዳክዬና የዳክዬ ጉበት ነው፣ ድንቹን ሳይቀር በዳክዬ ስብ ነው ሚጠብሱት፣ ስለዚ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ኩሽና ያለው ጂት ተከራዩና ከገበያ ግዙ፣ የሳርላ ገበያ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ለውዝ መሳይ የሆነው ኑዋ ደሞ የአገሩ ፍሬ ነው፣ ዘይቱም አለ። ባጌት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ስለሆነ ለጾም ይሆናል፣ ክሯሳን ግን ቅቤ ነው። በርበሬና ሽሮ ከቤት ያዙ። ኦገስት ላይ ጂት አብዛኛውን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው ሚከራየው፣ ቀናችሁን ከዛ ጋር አስተካክሉ። ገንዘቡን በተመለከተ የልጆች አበል ካላችሁ አበሉን ሚከፍለውን መሥሪያ ቤት፣ ካፍን፣ ጠይቁ፣ እንደ ኮሲያን ፋሚሊያላችሁ (ከገቢያችሁና ከቤተሰባችሁ ብዛት ሚያሰሉት ቁጥር) ለእረፍት ጉዞ ሚረዳ ነገር አለ፣ ሁሉም ጋ አንድ አይነት አይደለም። የባለቤትሽ መሥሪያ ቤትም ሼክ ቫካንስ (ለእረፍት ጉዞ ሚከፈልበት ኩፖን) ይሰጥ ይሆናል። ከ26 ዓመት በታች ሆኖ እዚ በሕጋዊ መንገድ ሚኖር ሰው መንግሥት በሚያስተዳድራቸው ሙዚየሞችና ታሪካዊ ሕንጻዎች በነጻ ይገባል፣ ሥራ ፈላጊም ወረቀቱን ካሳየ ብዙ ቦታ ነጻ ነው። ኦገስት ባይመቻችሁ ደሞ ሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ የቅርስ ቀን ነው፣ ሌላ ጊዜ ዝግ የሆነ ሁሉ ይከፈታል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበኩም። የኦብቴርን ነገር ለእናቴ በስልክ ነገርኳት፣ አሁን እሱን ብቻ ነው ምትጠይቀኝ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፣ ትንሽ መንደር ውስጥ እንደኛ አይነት ሰው ሲያዩ እንዴት ነው? ደሞ ሮካማዱር ሚባለውን የማርያም ቦታ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገረችኝ፣ ደረጃው ብዙ ነው አሉ፣ እናቴ ትችለዋለች?

መልስ፣ ከቦርዶ
ስለ መንደሩ፣ ሁሉም ሰው ጥሩ ነው ብዬ ዋስ አልሆንሽም፣ እኔ ግን በብዛት ያጋጠመኝ ደግነት ነው። አንድ ደንብ አለ፣ ዳቦ ቤትም ግቢ መንገድ ላይም ተገናኚ መጀመሪያ ቦንዡር በይ፣ ሳትይ ጥያቄ ከጀመርሽ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ካልሽ ደሞ አሮጊቶቹ ራሳቸው ወሬ ይጀምሩሻል፣ ልጆቹንም አስለምጃቸው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰኞም ብዙው ዝግ ነው፣ ቤንዚንና ውሃ ቀድማችሁ ሙሉ።

ሮካማዱር ከሳርላ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ገደሉ ላይ ሦስት ፎቅ ሆኖ የተሰቀለ ከተማ በይው፣ ከታች መንደሩ፣ መሃል ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ከላይ ቤተ መንግሥቱ። ደረጃው 216 ነው፣ ድሮ ተሳላሚዎች በጉልበታቸው እየተንበረከኩ ነበር ሚወጡት፣ ዛሬም ሚያደርግ አለ። ጥቁሯ የእንጨት ማርያም ያለችው መሃል ነው። አሳንሰር ግን አለ፣ በክፍያ፣ ከመንደሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ አንድ፣ ከዛ ወደ ላይ ሌላ፣ ስለዚ እናትሽ ደረጃውን ሳትረግጥ ትደርሳለች። ካቶሊኮቹ ዕርገቷን ሚያከብሩት ኦገስት 15 ነው፣ በኛ ነሐሴ 9፣ ፍልሰታ መሃል ላይ ይውላል። የዛን ዕለት ሰው በጣም ይበዛል፣ በማግስቱ ወይም ከዛ በኋላ በጠዋት ሂዱ፣ ሙቀቱም አይጀምርም፣ እሷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምትጾም ከሆነ ሳይደክማት ጸልያ ትመለሳለች።

ጠያቂዋ
በቃ ተወሰነ፣ ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ሌዜዚ አጠገብ ምድር ቤት መኝታ ያለው ጂት እየፈለግን ነው። መጀመሪያ ኦብቴር፣ ሮካማዱር በሳምንቱ መሃል፣ ኦቬርኝን ለሚቀጥለው ዓመት። ከቦርዶ ወይም ከቱሉዝ በዛ ሳምንት ሚመጣ ቤተሰብ ካለ አሳውቁኝ፣ እናቴ ሰው ማግኘት ትወዳለች፣ ልጆቹም አማርኛ ሚያወራቸው ጓደኛ ያገኛሉ።