የአንጀት ባክቴሪያ ለቫይረስ አጋዥ ሊሆን ይችላልን?

ጥያቄ፦ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። የአንጀት ባክቴሪያዎች ሰውነትን ከበሽታ እንደሚጠብቁ ተምረናል፤ ታዲያ አንዳንድ ቫይረሶችን ያግዛሉ የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ 1፦ አዎን፣ እውነት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ ለፖሊዮ እንዲጋለጡ በዘረመል ከተለወጡ አይጦች መካከል የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸው አስቀድመው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተመናመኑባቸው፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ በቫይረሱ የመሞታቸው መጠን ያነሰ ነበር። ቫይረሱ በባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ላይ ከሚገኘው ሊፖፖሊሳካራይድ (የስብና የስኳር ውህድ) ጋር ሲጣበቅ ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ከሚወርረው ሕዋስ ጋርም በተሻለ ይያያዛል። በእኔ እይታ እጅግ የሚያስደንቀው፣ መድኃኒቱ ቫይረሱን በቀጥታ ሳይነካ አጋዡን በማስወገድ ብቻ ማዳከሙ ነው።

መልስ 2፦ በዚህ ብስማማም፣ ነገሩ እንደ ቫይረሱና እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ይለያያል። በአይጦች አንጀት ግድግዳ ላይ የሚጣበቁ ክር መሰል ባክቴሪያዎች የአንጀቱ ሽፋን ሕዋሳት በፍጥነት እንዲተኩ ስለሚያደርጉ፣ ተቅማጥ የሚያስከትለውን ሮታ ቫይረስን ይከላከላሉ።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲያውስ በቫይረስ ለተቅማጥ የተዳረገ ጥጃ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠው ማለት ነውን?

መልስ 1፦ በቫይረሱ ምክንያት ብቻ ከሆነ አይሰጠውም፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ያጠፋል፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችንም ያበረታል። ቅድሚያ የሚሰጠው የጠፋውን ፈሳሽና ጨው መተካት ነው።