ስኳር ሕመምተኛው እያስመለሰ፣ በኃይል እየተነፈሰ ሲመጣ ከምን እንጀምር?

ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ
ሰላም ባልደረቦቼ። ኢንሱሊን የሚወስድ ወጣት ሁለት ቀን ሲያስመልሰው ቆይቶ፣ ሆዱን እያመመው፣ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ቢመጣ፣ የወባ ፈጣን ምርመራውም ፖዘቲቭ ቢሆን፣ መጀመሪያ ምን እንይ? ጤና ጣቢያችን ግሉኮሜትር (የደም ስኳር መለኪያ) እና የሽንት ስትሪፕ (መመርመሪያ ወረቀት) አለው፤ ፖታሲየም መለኪያ የለውም።

ሲስተር፣ ደብረ ማርቆስ
ወባው ይታከማል፤ ግን «ወባ ነው» ብሎ ማቆም ነው ሰው የሚያሳጣን። የአየር መንገዱን፣ ትንፋሹን፣ የደም ዝውውሩን፣ ንቃቱን አይታችሁ ወዲያው ስኳሩን ለኩ። ጣቱ በውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ማር የነካ ጣት ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርጋል። መሣሪያው «ሃይ» ካለ ተበላሽቷል ብላችሁ አትለፉት፤ በአብዛኞቹ ከ600 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ማለት ነው።

ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ጥልቅና ፈጣን ሆኖ ደረቱ ሲደመጥ ንጹሕ ከሆነ፣ ሳንባ ምች ከማለታችሁ በፊት የደም አሲድ መብዛትን አስቡ፤ ሰውነቱ አሲዱን በትንፋሽ ሊያስወጣ እየታገለ ነው። ስኳሩ ከ250 በላይ፣ የሽንት ኪቶኑ (ኢንሱሊን ሲያንስ ከስብ የሚወጣው አሲድ) 2+ እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ዲኬኤ፣ ማለትም ከስኳር ሕመም እንደሚመጣ የደም አሲድ መብዛት፣ ያዙት። የስትሪፑ ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ውጤቱን አትመኑ። የሆድ ሕመሙም ከአሲዱ ሊሆን ይችላል፤ አሲዱ እየቀነሰ ሕመሙ ካልለቀቀው ግን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይየው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ባሕር ዳር
ሲስተር ካሉት ላይ፦ ከኢንሱሊን በፊት በደም ሥር ፈሳሽ። ልቡና ኩላሊቱ ደህና ለሆነ አዋቂ በመጀመሪያው ሰዓት 1 ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) የተለመደ ነው። ወባው ከባድ ከሆነ ግን ፈሳሽ በቀላሉ ሳንባ ላይ ይወርዳል፤ መጠኑን ከሐኪም ጋር ወስኑ፣ የደረቱን ታች ደጋግማችሁ አዳምጡ። የሽንቱን መጠን በየሰዓቱ መዝግቡ።

ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ
ኢንሱሊን ሳንሰጠው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ብንለውስ?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ባሕር ዳር
ፈሳሹ ከተጀመረ፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ከሆነ ይሻላል። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ከደም ወደ ሴል ይነዳል፤ ሲያስመልስ የሰነበተ ሰው ደግሞ ክምችቱ ተሟጧል። ፖታሲየሙ ከ3.3 ሚሊሞል በሊትር በታች ሆኖ ኢንሱሊን ቢሰጠው የልቡ ምት ሊዛባ ይችላል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ለተቀባዩ ሐኪም ደውላችሁ ትእዛዝ ተቀበሉ።

ሲስተር፣ ደብረ ማርቆስ
አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሱሊን አቁሞ ከሆነ ለምን እንዳቆመ ሳትቆጡ ጠይቁት፦ ምግብ ስላልበላ ነው? ጾም ይዞ ነው? ጸበል ገብቶ ነው? ብልቃጡስ የት ተቀመጠ? ቆላ ላይ ሙቀት ያበላሸዋል። የሚቆጡት ሰው እውነቱን አይነግራችሁም። ወባም፣ ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒትም ስኳር ስለሚያወርዱ የስኳር ልኬቱን በየሰዓቱ ድገሙ፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይ የስኳሩን ቁጥር፣ የተሰጠውን ፈሳሽና ሰዓቱን ጻፉ።