ንጥጥርን በሰውነት ልኬት ማስተማር፦ ቁጥሩ ለምን ይዋዥቃል?

ጠያቂ፦ መምህር ዘ6ኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ6ኛ ክፍል ንጥጥር (አንዱ ልኬት ለሌላው ሲካፈል የሚወጣው) እና ወደርን (የንጥጥሮች እኩልነትን) ተማሪዎቹ ራሳቸውን እየለኩ እንዲማሩ አስቤያለሁ። 60 ተማሪ፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ሦስት የልብስ ሰፊ ሜትር ነው ያለው። በአንድ ቡድን ሲሞከር የአንድ ልጅ ቁመት ለስንዝሩ ሲካፈል 7.8 ወጣ፤ ሲደገም 8.3 ሆነ። «ክንድ የቁመት ሩብ ነው» የሚባለውም አልገጠመም። የትኛውን የሰውነት ክፍል ልምረጥ? እንዴትስ ይለካ?

መልስ 1፦ ሲባጎና ማስመሪያ

ስንዝሩ ላይ የሆነው የሚጠበቅ ነው። ቁመቱ 145 ሴ.ሜ. የሆነ ልጅ ስንዝሩ 18 ቢሆን 145 ÷ 18 = 8.06 ነው። እጁን ሰብሰብ አድርጎ 17.5 ቢለካ 8.29 ይወጣል፤ ለጥጦ 18.5 ቢያደርሰው 7.84። ያቺው የግማሽ ሴንቲ ሜትር ስህተት ቁመቱ ላይ ብትፈጠር ግን ንጥጥሩ በ8.03 እና በ8.08 መካከል ነው የሚቆየው። ታህቱ (አካፋዩ) ትንሽ ሲሆን ትንሿ ስህተት ትገዝፋለች። ይህን ራሱን ሰሌዳ ላይ ያሳዩዋቸው፣ ግማሽ ትምህርቱ እሱ ነው።

ለመጀመሪያ ቀን ሦስት ጥንድ ይበቃል፦ ቁመት ለተዘረጋ እጅ (ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ)፣ ቁመት ለክንድ (ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ)፣ ቁመት ለውስጥ እግር (ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት)። የመጀመሪያው ወደ 1 ይጠጋል፤ አዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ የተዘረጋው እጅ ከቁመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ክንዱ ከ3.5 እስከ 3.9 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ 4 ካልመጣ አይደንግጡ። እግሩ 6.5 አካባቢ ነው።

«ሩብ» የሚለው የመጣው ከሮማዊው አርክቴክት ከቪትሩቪየስ ነው። የሰው ቁመት 4 ክንድ፣ 6 እግር፣ 8 ራስ (ከአገጭ እስከ አናት) ነው ብሎ ጽፏል፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ በክብና በካሬ ውስጥ የሣለው ሰው በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ለሕንፃ ንድፍ የተመረጠ ሙሉ ቁጥር እንጂ ሰው ተሰልፎ ተለክቶ የወጣ አማካይ አይደለም። ልጆቹ የራሳቸውን 3.7 ከቪትሩቪየስ 4 ጋር ያወዳድሩ።

አለካኩን በተመለከተ፣ ሦስቱን ሜትር ቁመት ላይ አያባክኑ። ከወለሉ ልክ 100 ሴ.ሜ. ላይ የሚጀምርና እስከ 170 የተከፋፈለ የወረቀት ጥብጣብ አምስት ቦታ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ዞኮሎ (ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ) ያለበትን ግድግዳ ይተዉት፤ ተረከዝን ወደፊት ስለሚገፋ ልጁ ጀርባውን ለማስጠጋት ያዘነብላል። ጫማ ይወልቃል፣ ዓይን ወደ ፊት ያያል፣ ደብተር በጠርዙ ግድግዳውን ነክቶ አናት ላይ ጠፍጠፍ ይላል። ሹሩባ ወይም ቁጢት ካለ ደብተሩ ፀጉሩን ተጭኖ አናቱን ይንካ። የቀረውን በሲባጎ ለክተው ሲባጎውን ማስመሪያ ላይ ያስተኙት። የሹራብ ክር ስለሚለጠጥ አይሆንም። የማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ እንደሚጀምርም ቀድመው ያሳዩ፤ የልብስ ሰፊ ሜትርም ሲያረጅ ይለጠጣልና በብረት ሜትር ያመሳክሩት።

አራት አራት ሆነው ይቀመጡ፦ አንዱ ተለኪ ነው፣ አንዱ ለኪ፣ አንዱ ሲባጎው መወጠሩን ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። ሁሉም ሁለቴ ይለካ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴ.ሜ. ከበለጠ ሦስተኛ ይለካና የተቀራረቡት ሁለቱ ይያዙ።

መልስ 2፦ የእርሳስ ጫፍ

የራስን ርዝመት (ከአናት እስከ አገጭ) ለመለካት ካሰባችሁ ሜትሩን ፊት ላይ አታስኪዱት፤ አፍንጫና ግንባር ላይ እየታጠፈ ያረዝመዋል። ልጁ ጎኑን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቁም፣ አንድ ደብተር አናቱ ላይ፣ ሌላው አገጩ ሥር፣ ሁለቱም አግድም ሆነው። ምልክት አድርጉና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ለኩ። የአዋቂ ቁመት 7.5 ራስ ገደማ ነው፣ የአራስ ልጅ 4። ዕድሜ ሲጨምር የሚለወጥ ንጥጥር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የለም።

ቁመትን እስከ እምብርት ላለው ከፍታ አካፍላችሁ 1.618 («ወርቃማ ንጥጥር» የሚባለውን) ፈልጉ የሚለውን የቲክቶክ ወሬ ግን ተዉት። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ክፍል ውስጥም እምብርት መለካት አይገባም።

ጠያቂ፦ መምህር ዘ6ኛ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ብዙዎቹ «ቁመቱ በ30 ከጨመረ እግሩም በ30 ይጨምራል» ይላሉ። የ1.45 ሜትር ቁመትን ከ39 ሴ.ሜ. ክንድ ጋር 1.45፡39 ብለው የሚጽፉም አሉ።

መልስ 3፦ ላዕልና ታህት

ሁለተኛው ቀላል ነው፦ ሠንጠረዡ አናት ላይ «ሁሉም በሴ.ሜ.» ብለው ይጻፉ፣ ቅደም ተከተሉንም «ቁመት፡ክንድ» ብለው ይቆልፉት። 39፡145 የጻፈ ልጅ ስሌቱ ልክ ሆኖ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ማወዳደር ያቅተዋል።

የመደመሩን አስተሳሰብ በቃል ከማረም ይልቅ እስከ መጨረሻው ይከተሉት። ቁመቱ 120፣ እግሩ 18 የሆነ ልጅ አለ። 150 ሲደርስ በመደመር ከሄድን እግሩ 18 + 30 = 48 ሴ.ሜ. ነው። 48 ሴ.ሜ. ወለሉ ላይ በጠመኔ ያስምሩና ቁመቱ 150 የሆነውን ልጅ እላዩ ላይ ያቁሙት። ሳቁ ሲበርድ 18 ÷ 120 = 0.15፣ ከዚያ 150 × 0.15 = 22.5 ያሳዩ። አሁን የዚያኑ ልጅ እግር ይለኩ፤ 22.5 ላይ ቁጭ ባይልም ከ48ቱ ይልቅ እዚያ ይጠጋል።

በማግስቱ ነጥቦቹን ግራፍ ላይ ሲያስቀምጡ የ6ኛ ክፍል ልጆች ቁመት ስለሚቀራረብ መስመር አይታይም፣ እንደ ተበተነ ጤፍ ይሆናል። የ1ኛ ክፍል አምስት ልጆችና ሦስት አዋቂዎች ይጨምሩ፤ የእግሩ ነጥቦች ዜሮን በሚያቋርጥ መስመር ዙሪያ ይሰለፋሉ። የራስ ርዝመት ነጥቦች ግን እንዲህ ባለ መስመር አይሰለፉም፦ የትንንሾቹ ከፍ ብለው ይቀራሉ፣ ወደረኛ አይደለምና።

ሠንጠረዡ ላይ ስም አይጻፍ፣ ኮድ ይበቃል። አጭርና ረጅም እየተባለ መጠራሪያ እንዳይሆን ጥሬ ልኬቱ ከቡድኑ ሳይወጣ ሰሌዳ ላይ ንጥጥሩ ብቻ ይውጣ። ለግራፉ የሚያስፈልጉትን ጥንዶች ጸሐፊው ያለ ኮድ በብጣሽ ወረቀት ያስረክብ። ሴቶቹን ሴቶች፣ ወንዶቹን ወንዶች ይለኩ።