የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያኖች የሴፍቲ ስልጠና፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ጓዶች፣ ረቂቁ ደርሷችኋል። የሁለት ቀን ስልጠና ነው፣ አንዱ ቀን ኮረንቲ ሰው ስለመያዙ፣ ሌላው ስለ አርክ ፍላሽ፣ ማለትም ኮረንቲ በአየር ውስጥ ሲዘል ስለሚፈጠረው ፍንዳታና ብልጭታ። የአሰሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92ን መጀመሪያ ላይ አስገብቻለሁ፣ ማሰልጠንም መከላከያ ማቅረብም የአሰሪው ግዴታ ስለሆነ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም። የጎደለውን ንገሩኝ።

የጨርቃጨርቅ ጥገና፦ በርታ፣ ጥሩ ነው። ግን አርክ ፍላሹ መጀመሪያ ይምጣ፣ ልጆቹ ኮረንቲ መያዙን ይፈራሉ፣ ብልጭታውን ግን "ካልነካሁት ምን ያደርገኛል" ነው የሚሉት። ባስባር (ፓኔል ውስጥ ኮረንቲ የሚያከፋፍለው የመዳብ ዘንግ) ላይ መፍቻ ሲወድቅ'ኮ አየሩ ራሱ ኮረንቲ ያስተላልፋል፣ ሙቀቱ እስከ 19,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፣ መዳቡ ተንኖ ወደ 67,000 እጥፍ ይሰፋል፣ የፓኔሉን በር የሚገነጥለው እሱ ነው። ደግሞ 15 ኪሎቮልት ላይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፣ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው የ380 ቮልት ዋና ቦርድም ሰው ይገድላል።

ኮንትራክተር፦ በጀቱ ላይ ቅር ብሎኛል፣ አብዛኛው ለመከላከያ ልብስና ለፌስ ሺልድ (የፊት መከላከያ) ነው። ልብሱ ይግባ፣ ፖሊስተር ቱታ ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ እሱን ማስቀየር አለብን፣ ግን ልብስ የመጨረሻው መከላከያ ነው፣ መጀመሪያ ማጥፋትና መቆለፍ። ለእያንዳንዱ ኤሌክትሪሺያን የራሱ ጓጉንቸርና ታግ ("አታብራ" የሚል ማስጠንቀቂያ ካርድ) ይገዛለት፣ ቁልፉም ኪሱ ይሁን፣ ከአንድ ሙሉ የመከላከያ ልብስ ዋጋ አንፃር ምንም ማለት አይደለም።

የጨርቃጨርቅ ጥገና፦ ጄኔሬተሩን እንዳትረሱት በናታችሁ!! መብራት ሲጠፋ አጋጣሚውን ልጠቀም ብሎ ፓኔል የሚከፍት አለ፣ ቼንጅኦቨሩ (ከመብራት ወደ ጄኔሬተር የሚቀይረው ስዊች) አውቶማቲክ ከሆነ በሴኮንዶች ውስጥ ጄኔሬተሩ ይገባል። ስለዚህ የመብራቱም የጄኔሬተሩም መስመር ይቆለፉ፣ ከዛ መለኪያውን መጀመሪያ ኮረንቲ ያለበት ቦታ ሞክሮ፣ የሚሰራበትን ሦስቱንም ፌዝ ለክቶ፣ መለኪያውን መልሶ ኮረንቲ ያለበት መሞከር። በቴስተር ካቻቪቴ ብቻ አይሆንም። ይሄን ሁሉም በእጁ እየሰራ ይፈተን።

ሴፍቲ ኦፊሰር፦ እኔ የምለው የፕሮዳክሽን ሃላፊዎች ካልተቀመጡ ስልጠናው ግማሽ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሳያጠፋ የሚሰራው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፣ መስመሩ ይቆማል፣ ኦርደር ይዘገያል፣ ቶሎ በል ስለሚባል ነው። አንድ አንቀጽ ይጨመርልኝ፦ ኮረንቲ ያለበት ላይ ያለ ፅሁፍ ፈቃድ አይሰራም፣ ፈቃዱንም ለምን ማጥፋት እንዳልተቻለ ፅፎ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው። ስሙን አስፍሮ ፈርም ሲባል ብዙው "እሺ አጥፉት" ይላል።

ኮንትራክተር፦ በጣም ትክክል እህቴ። የብሬከር ሴቲንግም ይግባ፣ ሞተር ሲነሳ እየጣለ አስቸገረ ተብሎ የትሪፕ ጊዜው (ብሬከሩ እስኪቆርጥ የሚፈጀው) ይረዝማል፣ የአርኩ ጉልበት ደግሞ በጊዜው ልክ ነው የሚጨምረው፣ ከ0.1 ሴኮንድ ወደ 0.5 ካሳደግከው አምስት እጥፍ ነው።

አስተባባሪ፦ ሁሉንም አስገባለሁ። አርክ ፍላሽ መጀመሪያ፣ የጓጉንቸሩ በጀት ከልብሱ በፊት፣ ለሃላፊዎች ግማሽ ቀን። እህቴ የፈቃድ ፎርሙን አንቺ አርቅቂልን፣ ኮንትራክተር የጓጉንቸርና የታግ ዋጋ ጠይቅ፣ እስከ አርብ ላኩልኝና ሰኞ እናስገባው።