ባንኮክ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ የቱን ቤተ መቅደስ ትዩ?

ለዕቃም ለሕክምናም ባንኮክ የምትሄዱ ሰዎች፣ ጊዜ አጥሯችሁ አንድ ቦታ ብቻ የምታዩ ከሆነ የኔ ጥቆማ ዋት ፖ ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት አይደለም።

አዎ፣ ዝናው የቤተ መንግሥቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1782 የተቆረቆረ ግቢ ነው። ታይላንዶች ከሁሉም አብልጠው የሚያከብሩት የኤመራልድ ቡድሃም እዚያው ግቢ ባለው ቤተ መቅደስ፣ ዋት ፍራ ኬው ውስጥ አለ። ልብሱ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅት ሲለወጥ፣ በንጉሣዊ ሥርዓት ይቀየርለታል። ግን መግቢያው 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው፣ ግፊያው አይጣል ነው፣ ሐውልቱ ደግሞ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያውም ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከሩቅ ነው የምታዩት። እዚያ ውስጥ ፎቶም ክልክል ነው። ካላየሁ አይሆንልኝም የሚል በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2፡30 በሩ ሲከፈት ይድረስ።

ዋት ፖ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው፣ 300 ባት። የተጋደመው ቡድሃ ርዝመቱ 46 ሜትር ነው፣ በወርቅ ተለብጧል። ሁሉም ፊቱ ጋ ፎቶ ተነሥቶ ይሮጣል፤ እናንተ እግሩ ጋ ቆም በሉ። ውስጥ እግሩ ላይ በዛጎል የተሠሩ 108 ምልክቶች አሉ። በጀርባው በኩል በተደረደሩት የነሐስ ዕቃዎች ውስጥ ሰዉ ሳንቲም አንድ በአንድ እየጣለ ያልፋል፤ ኳኳታው አዳራሹን ይሞላዋል። ግቢው የታወቀ የማሳጅ ትምህርት ቤትም አለው። ፕራቱናም ገበያ ዕቃ ሲጎትት ለዋለ ሰው ፍቱን ነው። የታይ ማሳጅ ግን ጠንከር ይላል፤ ካመማችሁ ዝም አትበሉ።

ሰዓት ከተረፋችሁ ከታ ቲየን ወደብ በትንሽ ጀልባ በጥቂት ባት ወንዙን ተሻግራችሁ ዋት አሩን የሚባለውን ቤተ መቅደስ እዩ። ማማው ከላይ እስከ ታች በቻይና ሸክላ ስብርባሪ ያጌጠ ነው። መግባት ካልፈለጋችሁ ማታ መብራቱ ሲበራ ከወዲህ ማዶ በነፃ ይታያል።

ሱኩምቪት፣ ቡምሩንግራድ ሆስፒታል አካባቢ ያረፋችሁ ታክሲ አያስፈልጋችሁም። ከሱኩምቪት ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር ለዋት ፖ ቅርብ እስከሆነው ሳናም ቻይ ጣቢያ ድረስ፣ መቀየር የለም። መንገድ ላይ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፣ በቱክቱክ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት። መጨረሻው ጌጣጌጥ ሱቅ ነው።

አለባበስ፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ቤተ መንግሥቱ ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ መግባት አይሠራም፣ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ጫማ ማውለቁ እንኳ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሴቶች፣ መነኮሳቱን እንዳትነኩ።

ሙሉ ቀን ላለው ግን ሌላ ነው የምለው፦ አዩታያ። ከባንኮክ በስተ ሰሜን፣ በባቡር የሚደረስ፣ የበርማ ጦር እ.ኤ.አ. በ1767 ያወደመው የድሮ ዋና ከተማ ነው። እዚያ ብስክሌት ተከራዩ። ዋት ማሃታት ውስጥ የዛፍ ሥር ያቀፈው የቡድሃ ራስ አለ፤ አጠገቡ ፎቶ ስትነሡ ዝቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ከራሱ በላይ መቆም እንደ ነውር ይታያል።